ማሩ ተመረመረ

በምንኖርበት ግቢ፣ እዚህ ሶዶ፣ አንድ ሰው ሳል ከያዘው ከየቤቱ ማር ይመጣል። ከማሩ ጋር የማር ሊቅ ይመጣል። እናቴን ሳል ሲይዛት ሁለት ሊቃውንት መጡ።

ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን መምህር ክብሪት ማሩ ውስጥ ነክረው ይጭራሉ። ከነደደ ንጹሕ ነው፤ እምቢ ካለ ስኳር አለበት። ከጎናቸው የሚኖሩት እትዬ በክብሪት አያምኑም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርገው፣ ሳይበተን መውረዱን ጎንበስ ብለው ይመለከታሉ።

«መምህር፣ ክብሪትዎ እርጥብ ነው እንጂ ማሩስ ደህና ነበር» አሉ እትዬ።

«ውሃ ውስጥ የሰጠመ ማር ምን ይመሰክራል?»

«እርስዎ ቤቱን እስኪያቃጥሉ ይመሰክራል!»

ተሳሳቁ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ክርክሩ እስኪያልቅና ማንኪያው እስኪደርሳት ትጠብቅ ነበር።

እኔ ከሁለቱም ባስኩ። የእነሱን ማር ንቄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ሁምቦ ወረድኩ። ቀፎው የተሰቀለበትን ግራር በዓይኔ ሳላይ አልገዛም አልኩ። አይቼ ከነሰፈፉ ይዤ ተመለስኩ። ከማሩ ጋር የሚሰጣትን ነጭ ሽንኩርት በእኩል መጠን ከተፍኩ፤ ማሩ የሚበጠበጥበት ውሃ እንዳይፋጅ በጣቴ ለካሁ። እንዲህ ጠንቃቃ ሞኝ በሰፈሩ አልነበረም።

ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ አልክድም። ለጉንፋን ሳል አንድ ማንኪያ ማር ጥሩ ነው። እኛ ግን ማለስለሱን መዳን አደረግነው። አንድ ሌሊት ደህና ከተኛች ጠዋት «ያዘላት!» እንላለን። ስትከሳ ደግሞ መምህር «ማሩ ውስጧን እያጠበ ነው» አሉ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ።

አንድ ቀን መቀነቷን ስትታጠቅ አየኋት። ሁለት ጊዜ ዞሮ ያልቅ የነበረው መቀነት ሦስት ጊዜ ዞረ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

«ሳሉ ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች ነርሷ ወደ እኔ እያየች።

«የሁምቦውን ማር ከጀመርን...»

«ወንድሜ፣ ስለ ማሩ አልጠየቅኩህም።»

የግራሩን ቁመት እንኳ መናገር እችል ነበር፤ ሳሉ መቼ እንደጀመራት ግን አላውቅም ነበር።

«ከጊፋታ በፊት ነው፣ ልጄ» አለች እናቴ።

ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር እንዳለበት የሚናገረው ወረቀት ነርሷ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

አክታዋን ሰጥታ ወጣንና አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ለፍተህ ያመጣኸውን ማር አይሠራም ልበልህ? እነሱስ ይቀየሙኝ?»

ሁለት ወር ሙሉ የሊቃውንቱ ይሉኝታ ይዟት ስትስል ኖራለች። ከሊቃውንቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ውጤቱ ቲቢ ሆነ። ለስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት ጀመረች። ወሬው ግቢውን ሲያዳርስ መምህር ሊጠይቋት መጡ፤ ኪኒኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ይመራል፤ በማር ብትውጪው ይሻል ነበር።»

ልመልስላቸው ተነሳሁ፤ እናቴ ቀደመችኝ።

«በውሃ ነው የምውጠው፣ መምህር» አለችና ኪኒኑን ከእጃቸው ወሰደች።