«ነይ» እና ያልበሰለው ሥጋ

አባቴ ዛሬ ሁለት የወሎ ሴቶችን ሳያውቀው አስታረቀ።

እናቴና ጎረቤታችን ዘይነብ ከአረፋ ወዲህ አይነጋገሩም። ዘይነብ የእናቴን ሥጋ «አልበሰለም» ብላ ነበር።

ማምሻውን፣ ካርቱም ባለው ሰፈራችን በሐጅ ዩሱፍ አቧራው ረግቶ፣ ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድመን እናቴ በልጅነቷ ትወዳቸው የነበሩ የሁለት ዘፋኞችን አዲስ አልበም ከፈትን። ዘፋኞቹ ከስንት ዓመት በኋላ ያወጡት ነው። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ዜማው እንደ አባይ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ዘይነብም ልትሰማ የራሷን ሬዲዮ ዘጋች።

«ነይ፣ ነይ» ይላሉ። በሱዳን አረብኛ «ነይ» ጥሬ ማለት ነው። ሱዳናዊው አባቴ በእንቅልፍ ልቡ «ያ ሥጋ እስካሁን አልበሰለም?» አለ።

ከግድግዳው ማዶ ዘይነብ ሳቀች። እናቴም ሳቀች፤ መኳረፏን ያስታወሰችው ከሳቀች በኋላ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ግድግዳው ዞራ «አንቺ ዘይነብ፣ ነይ» አለች።

አባቴ አሁን ዘይነብም ጥሬ ናት ብሎ ይዟል።

እናንተንስ የትኛው ዘፈን አስታረቃችሁ?