ደጅቱ ፓርክ የሄደች ቀን

ደጅቱ እ.ኤ.አ. በ1985 እስራኤል ስትገባ እግሯ ደህና ነበር። ከወገራ እስከ ሱዳን ድረስ በእግሯ ነው የሄደችው። ሐደራ ከተማ ከሰፈረች በኋላ ብርቱካን ማሸጊያ ገብታ ስትሠራ ከሣጥን ክምር ላይ ወደቀችና ወገቧ ተሰበረ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ በመጨረሻ ተሽከርካሪ ወንበር ሰጥተው ወደ ቤቷ ሸኟት።

ቤቷ ናሕሊኤል በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። መውጣት መውረዷ በባሏ በምናለ ጀርባ ሆነ። ምናለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሕንፃ ሲያጸዳ ውሎ ዝሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ደጅቱ ለሕክምና ካልሆነ ከቤት አትወጣም ነበር።

በ1995፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ታናሽ እህቷ ድንቅነሽ መጣች። ከአንድ መንደር የወጡት ሰዎች ሁሉ ከከተማው ዳር ባለው ትልቅ ፓርክ ሊሰበሰቡ ነው።

"እቴ፣ ዘንድሮስ አትቀሪም። አባ ደሴ እንኳ ከነእርጅናቸው ይመጣሉ።"

"እኔ በምን እግሬ?"

"መንገዱ አስፋልት ነው ብለውኛል። ሃኮል በሴደር፣ ሁሉም ደህና ነው፤ ምንም አትሆኝም።"

ደጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። "እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"አዝልሻለኋ" አላት።

የመሰባሰቢያው ቀን ከአደጋው ወዲህ ያልለበሰችውን ነጭ ቀሚስ ለበሰች። ድንቅነሽ ጸጉሯን ሠራቻት። ምናለ አዝሏት ሲወርድ በየመታጠፊያው ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ጎረቤታቸው ዮቫል ወንበሩን አጥፎ መኪናው ላይ ጫነና ፓርኩ ድረስ ወሰዳቸው።

የፓርኩ መግቢያ ላይ ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ የብረት ቋሚዎች ተተክለዋል። ወንበሩ በመካከላቸው አላልፍ አለ። ሁለቱ ወንዶች እሷን ከነወንበሯ አንሥተው አሻገሯት። አስፋልቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ መቀመጫዎች አላለፈም፤ ከዚያ ወዲያ አሸዋ ነው። ሰዎቹ የተሰበሰቡት ደግሞ ማዶ፣ ከጉብታው ላይ ነው። ምናለ ሲገፋ፣ ዮቫል ሲጎትት፣ ጎማው እየሰመጠ ሄደ።

"ተዉኝ" አለች ደጅቱ። "እዚሁ ጥላ አለ።"

ዮቫል ማታ ሊወስዳቸው ቀጥሮ ተመለሰ። ሰዎቹም ተራ በተራ እየወረዱ ሳሟት። ሥጋ በሳህን አመጡላት፤ "አይዞሽ" አሏት፤ ቆም ብለው ተመለሱ። አባ ደሴ ብቻ ከአጠገቧ ሣር ላይ ተቀምጠው ስለ አባቷ አወሯት። ኋላ እሳቸውም ለምርቃት ተጠሩና ሄዱ። ከጉብታው ጭብጨባና እልልታ ተሰማ። ድንቅነሽ አብራት ቀርታለች፤ አንገቷ ግን ወደዚያው ነው።

"ሂጂ" አለቻት ደጅቱ።

"አልሄድም።"

"ሂጂ እንጂ! ለእኔ ብለሽ አትታሰሪ።"

ድንቅነሽ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ደጅቱን ሽንት ወጠራት። ብዙ ታገሠች፤ አልሆነላትም። ከጎኗ ላልተለየው ለምናለ ስትነግረው ተሸክሞ ወደ ሽንት ቤቱ ወሰዳት። ደረጃውን ወጣ፤ በሩ ግን ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ብቻዋን ደግሞ መቆም አትችልም። ወደ ዛፎቹ ተመለሱ። ድንቅነሽ ተጠርታ ነጠላዋን ዘረጋች፤ ምናለ ፊቱን አዙሮ በብብቷ ደግፎ ያዛት። ውሻ ይዘው ሲያልፉ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ቆማ አየች። ነጩ ቀሚስ ረጠበ።

ደጅቱ አላለቀሰችም። "ወደ ቤቴ" ብቻ አለች።

ማታ ምናለ አዝሏት ደረጃውን ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወገቡ ከዳውና በጉልበቱ ተንበረከከ። እሷ ግድግዳውን ይዛ ከመውደቅ ተረፈች። ጎረቤቶች ወጥተው እሷን ተሸክመው፣ እሱን ደግፈው አስገቧቸው። ሐኪሙ ምናለን ከእንግዲህ ምንም ከባድ ነገር እንዳያነሣ ከለከለው። ሥራውም በዚያው ቀረ። የቤቶች መሥሪያ ቤቱን ምድር ላይ ያለ ቤት እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ጠብቁ ተባሉ።

ድንቅነሽ በጸጸት ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን "ለከርሞ ጎረምሶች አሰባስቤ እወስድሻለሁ" አለቻት።

"ተይው፣ እህቴ" አለች ደጅቱ። "ሰው እኔን ሲያየኝ የሚታየው ሸክሙ ነው። እሱን እንኳ ሰበርሁት።"

ምናለ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ይሰማል። "አልሰበርሽኝም" አለ።

በዓመቱ የመንደሩ ሰዎች እንደገና ፓርኩ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሁለቱም አልሄዱም።