ኤሌትሪክ ኮምቦልቻ

ባለቤቴ ሾፌር ነው። የፋብሪካ ሠራተኞችን በሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ ያመላልሳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዟቸው የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ከሥራ ሲወጡ መልሶ ያመጣቸዋል። በመሃል ያለውን ጊዜ ኮምቦልቻ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅና ሻርፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር ያ በመሃል ያለው ጊዜ አንድ ቀን አሳስቦኝ አያውቅም። መኪናው መጥፋት እስኪጀምር ድረስ።

መጥፋት ስል ተሰርቆ አይደለም። ደህና እየሄደ ሳለ ድንገት ሁሉ ነገሩ ቀጥ ይላል፤ ሞተሩ፣ መብራቱ፣ ጡሩምባው፣ ራዲዮኑ። ትንሽ ቆሞ ቁልፉን ሲያዞሩት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። የመጀመሪያ ጊዜ ሲነግረኝ ደነገጥኩ፣ ዱአ አደረግሁለት። ሁለተኛ ጊዜ አዘንኩለት። በሦስተኛው ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። መኪናው የሚጠፋው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ብቻ ነው። ወደ ደሴ፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ እኔ ሲመጣ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። በጠፋ ቁጥር ደግሞ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ጋራዥ ይውላል።

አንድ ጁምዓ ቀን ጓሮ ውዱእ እያደረገ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ላዩ ላይ «ኤሌትሪክ ኮምቦልቻ» ይላል። የቆጣሪ ነገር መስሎኝ አነሳሁት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መኪናው እንዴት አደረ?» አለ ድምፁ።

የሴት ድምፅ ነው። ለዚያውም ወጣት፣ ለዚያውም ከእንቅልፏ በደስታ የተነሳች የሚመስል። መኪናው እንዴት አደረ! ወላሂ፣ አማቴ እንኳ እንዲህ አድርጋ ስለ እኔ ጠይቃ አታውቅም።

«ደህና አድሯል» ብዬ ዘጋሁት።

ባለቤቴ ፊቱን እያበሰ ሲገባ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ኤሌትሪሻኑ ሴት ናት እንዴ?»

«አዎ፣ ሴት ናት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። መኪና የምትሠራ ሰው ናት፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሳልጠይቀውም ይነግረኝ ጀመር፤ ያ ደግሞ ባሰ። እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ እንዲያ አለች። ፊውዙን ቀየረች፣ የባትሪውን ራስ ጠርጋ አጠበቀች፣ ዲናሞውን አወረደች። «እሷ እኮ ጆሮ አላት፣ ሞተሩን እንደ ሐኪም ነው የምታዳምጠው» ይላል እንጀራውን እየጠቀለለ። ሲጋራ ተው ብዬ ስለምነው ስንት ዓመት አልፏል፤ እሷ ግን ባትሪ አጠገብ አታጭስ ብትለው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳያጨስ ዋለ። ሲጋራውን በመተዉ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ቁጥሯን ከስልኩ አውጥቼ ማየት ጀመርኩ። ልደውልላት አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው የማየው። ስንቴ እንዳየሁት አላህ ይወቅ። አንድ ንጋት፣ ሱብሂ ሊሰግድ መስጊድ በሄደበት፣ ስልኩ ቤት ቀርቶ ነበር። እጄ ሳላዘው ሄዶ ቁጥሩን አጠፋው። የደወለላቸውንና የተደወለለትን ዝርዝርም አብሬ ጠራረግሁ። ሲመለስ ሻርፔን ለብሼ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ዛሬ አብሬህ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አክስቴን ካየኋት ቆየሁ።»

«መልካም» አለ። ምንም አልጠረጠረም።

ጋቢና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከኋላ የልብስ ስፌት ልጃገረዶች ግማሹ አንቀላፍተዋል፤ ከእኔ ጀርባ የፋብሪካው ዘበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ደሴን እንደለቀቅን ጉሙ ዋጠን። የፊቱ መብራት ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም።

እኔ መንገዱን አላይም። የማየው መኪናውን ነው። ወንበሩ ላይ የሴት ጸጉር፣ ሽቶ፣ አንዲት ጌጥ ባገኝ ብዬ ነው። የራዲዮኑን ሰዓትም እከታተል ነበር፤ ከሰፈራችን ኮምቦልቻ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይዤ ሌላ ቀን አረፈድኩ ሲለኝ ልይዘው። 12፡48 ይላል። ቁልቁለቱ እንደጀመረ አንድ ጉድጓድ ላይ ፍሬን ሲይዝ ሰዓቱ ብልጭ ብሎ 1፡00 ሆነ። ገረመኝ። 1፡03 ሲደርስ ከጉሙ ውስጥ ላሞች ብቅ አሉ፤ ፍሬን ያዘ፤ እንደገና 1፡00። ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። አኩርፌው ነበራ፣ እሱ ባያውቀውም።

ቀጥሎ ባለው ኩርባ አንድ ከባድ መኪና ሽቅብ መንገዱን ሞልቶ መጣ። ባለቤቴ ፍሬኑን በኃይል ረገጠ። ከባዱ መኪና ለጥቂት ስቶን ሲያልፍ፣ በዚያው ቅጽበት ሁሉ ነገር ጠፋ። የሞተሩ ድምፅ ተቆረጠ፣ የፊቱ መብራት ሞተ፣ በጉሙ ውስጥ የጎማው ሽውታ ብቻ ቀረ።

ስለዚህ ነገር ስንቴ ነግሮኛል! «ቀጥ አለ» ሲለኝ መቆም ነበር የሚመስለኝ። አይቆምም እኮ። ይሄዳል። ሞተር የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ሰው የሞላው መኪና ቁልቁል ይንከባለላል። መሪውን በሁለት እጁ ሲጠመዝዝ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬኑን ሲረግጠው እንጨት ሆኖ እግሩን ይመልሰዋል። አዛውንቱ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ። በቀኝ ገደል ነው። ባለቤቴ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው አዞረው፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ጎኑ ከአፈሩ ጋር እየተፋተገ ሄዶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም፣ አልሃምዱሊላህ።

ግን የቆምነው ከኩርባው ሥር፣ የመኪናው ግማሽ አስፋልት ላይ ሆኖ ነው። ወደ ላይ ከሚወጡት ፊት ለፊት። መብራት የለንም፣ ጡሩምባ የለንም። አዛውንቱ «ያንን ቀዩን ሻርፕ ስጪኝ ልጄ» ብለው ከአንገቴ ተቀበሉኝና መኪና ሊያስቆሙበት ወደ ታች ሮጡ። ልጃገረዶቹ ወርደው ተራራው ሥር ተጠጉ።

ባለቤቴ ቁልፉን አዞረ። ቅጭ የሚል ድምፅ እንኳ የለም። ስልኩን አወጣ።

«የት ሄደ?» አለ። ጣቱ ይወርዳል፣ ይወጣል። «ኤሌትሪክ... ኤሌትሪክ... እዚህ ነበር እኮ!»

«ሌላ ሰው ጋ ደውል» አልኩት።

«ሌላውማ ጎትታችሁ አምጡት ነው የሚለኝ። ይህን መኪና የምታውቀው እሷ ናት።»

በዚህች ቃል እንኳ በዚያ ሰዓት ቀናሁ። ከዚያ ከታች የከባድ መኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ አዛውንቱ ቀዩን ሻርፕ ከጉሙ ውስጥ ሲያውለበልቡ አየሁ፤ መኪናው አጠገባችን አልፎ ንፋሱ ሚኒባሱን አወዛወዘው።

ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልደናቀፍ ጠራሁለት።

እየሰማ ጻፈው። የመጨረሻውን ሲጽፍ እጁ ቆመና አየኝ።

«አንቺ እንዴት አወቅሽው?»

«አንተ ደውል።»

በባጃጅ መጣች። ሌሎች መኪኖች ሠራተኞቹን እያሳፈሩ ወስደው ሁለታችንና አዛውንቱ ብቻ ቀርተን ነበር፤ አዛውንቱ «እንዴት ጥያችሁ እሄዳለሁ?» ብለው እምቢ አሉ። ከእግሯ ጀምሬ አየኋት። የወንድ ቡት ጫማ፣ ሰማያዊ ቱታ፣ ከኋላ የታሰረ ጥቁር ሂጃብ፣ ጥፍሯ ሥር ግራሶ። ቆንጆ አይደለችም ብዬ እፎይ ልል ስል ሳቀች፤ ጥርሷ በረዶ ነው።

«አብሽሩ አባባ፣ ደህና ነዎት?» አለች መጀመሪያ ለአዛውንቱ። ከዚያ እኔን ጨበጠችኝ። «ባለቤቱ ነሽ? እንኳን አላህ አተረፋችሁ።» ወደ እሱ ዞራ፦ «ቁልፉን እንዳትነካው። አንድ ቀን እንኳ ሞቶ ሳለ አግኝቼው አላውቅም። ከመጥፋቱ በፊት ምን አየህ?»

«ምንም። ቀጥ አለ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለኝ» አለችኝ።

ሁልጊዜ። ይህቺም ወጋችኝ። ምናልባት ከእሱ የተሻለ እንደማውቅ ላሳያት ብዬ ይሆናል የተናገርኩት።

«ሰዓቱ» አልኩ። «የራዲዮኑ ሰዓት ከመጥፋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ዘሎ አንድ ሰዓት ሆኗል።»

መሣሪያዋን አስቀምጣ ቀረበችኝ። «መቼ? ምን ሲያደርግ?»

«ፍሬን ሲይዝ። መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ፣ ከዚያ ላሞቹ ጋ።»

«ወደ ደሴ ሲወጣስ ጠፍቶ ያውቃል?»

«በጭራሽ። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ብቻ ነው» አልኳት፣ ስንት ቀን ሆዴ ውስጥ ሳብላላው የቆየሁትን መርዝ በሙሉ ጨምሬ።

እሷ ግን መርዙን አልሰማችውም። ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ቁልቁል! እኔ ደግሞ ሜዳ ላይ አቁሜ እፈልገዋለሁ! ያ አላህ!»

የዚያ መኪና ሞተር ያለው ጋቢና ወንበር ሥር ነው። እኔ ተቀምጬበት የነበረውን ወንበር ገለበጠችው፤ በእጅ ባትሪ እያበራች እስከ ትከሻዋ ገባች። ከሞተሩ ተነስቶ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰር አንድ ወፍራም ገመድ አሳየችኝ። ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው ያሳየችኝ።

«ይሄ ማሳ ይባላል። ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህ ነው። ላስቲኩ ደህና ይመስላል አይደል? ውስጡ ግን ተበጥሷል። ቁልቁል ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ገመዱ ይሳባል፣ ይለያያል። ሰዓቱም ኤሌትሪክ ለቅጽበት ሲያጣ ከአንድ ሰዓት ይጀምራል። ሜዳ ላይ ሲሆን መልሶ ይገናኛል።» በሁለት ጣቷ ገፋ ስታደርገው ራዲዮኑ በራ። ስትለቀው ጠፋ። አዛውንቱ «ሱብሃነላህ!» አሉ።

ከቦርሳዋ ሌላ ገመድ አውጥታ ማሰር ጀመረች። ባለቤቴ አጠገቧ ተንበርክኮ ሳትጠይቀው አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ያቀብላታል፣ ሳትጠይቀው ጨርቅ ያቀብላታል። ቤቴ ውስጥ ጨው አቀብለኝ ብዬ ሦስቴ ነው የምጠራው። መካከላቸው ምንም እንደሌለ በዓይኔ እያየሁ፣ ልቤም እያወቀው፣ ያንን ሳይ ዓይኔን ወደ ጉሙ መለስኩ። ክፉ ነገር ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር ልበል? ቢያንስ የምቆጣበት አገኝ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። እጇን እየጠረገች ለእሱ «አንተ ዓይን የለህም፣ እሷ ናት ያገኘችው። ቀድመህ ይዘሃት ብትመጣ ኖሮ ወር ሙሉ አልደክምም ነበር» አለችው። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

እሷ በባጃጁ ከሄደች፣ አዛውንቱንም ፋብሪካው በር ካወረድን በኋላ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ።

«ቁጥሩን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

«አዎ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰው ቢሞትስ?» አለ ብቻ።

እነዚያ እያንቀላፉ የነበሩ ልጆች አንድ በአንድ ፊቴ መጡ። አክስቴ ጋ ሳልሄድ ከሰዓት በኋላ በሌላ መኪና ተመለስኩ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። ራት አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይተኛል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«የጠረጠርሽኝ አይደለም የከፋኝ። እኔም አንቺ ሱቅ የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ደህና አድርጌ ነው የማየው። ሰዓቱ ሲዘል እያየሽ ዝም ማለትሽ ነው የከፋኝ።»

«አፍወ በለኝ» አልኩት።

«አፍወ ብያለሁ» ብሎ ወጣ።

እንደሚቀና ግን አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ደብቆኛል። ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ሳስበው ዋልኩ፤ የቱ ነጋዴ እንደሆነም ለማወቅ ሞከርኩ።

መኪናው ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። ኤሌትሪሻኗ ግን ዒድ ሲቀርብ እናቷን ይዛ ሰኞ ገበያ ሱቄ መጣች። ቱታ አልለበሰችም፤ ለብቻዋ ባገኛት አላውቃትም ነበር። እናቷ «እመቤቲቱ እርስዎ ነዎት? ልጄ ዓይንዎን ስታደንቅ ነው የከረመችው» አሉኝ። አረንጓዴ ጨርቅ መረጡ። ለክቼ ስቆርጥ ግማሽ ሜትር ጨምሬ ቆረጥኩላት፤ ከልቤ ነው የጨመርኩት። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መስታወቱ ዞረች። በጣም ያምርባታል። ምነው ያንን የደበዘዘውን ቡኒ ጨርቅ ባሳየኋት ኖሮ አልኩ በልቤ።