ሰባት ሲደመር ስምንት

መምህርት ሲፈን የሴትየዋን ስም አታውቅም። የምታውቃት በጃኬቷ ነው፤ የወንድ ጃኬት፣ እጅጌው ሁለቴ የተጠቀለለ፣ ዚፑ እስከ አንገት የተዘጋ። ከልደታ ኮንዶሚኒየም እየተጣደፈች ትመጣና፣ ደወል ሳይደወል ሁለተኛ ክፍል በር ላይ ቆማ የልጇን የሒሳብ ደብተር በሁለት እጇ ታቀርባለች።

«ቲቸር፣ የቤት ሥራውን ሠርቷል፤ ያርሙለት። ትንሽ አሞት ነው እንጂ ሰኞ ይመጣል።»

ሰኞ ማለት ከጀመረች ስድስት ሳምንት ሆናት። መጀመሪያ ጽሕፈቱ የልጁ ነበር፤ ትልልቅ፣ ከመስመር የሚወጣ። እያደር ደከመ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ቀጥ ያለ የአዋቂ ጽሕፈት ሆኗል። ሲፈን አይታ እንዳላየች በቀይ እስክሪፕቶ ታርማለች፤ «ጎበዝ» ብላም ትጽፋለች።

ዛሬ አንዱ ስህተት ነው። ሰባት ሲደመር ስምንት፣ አሥራ አራት ይላል። ሲፈን ቀና ብላ አየቻት።

«እዚህች ላይ ሁሌ ይሳሳታል» አለች ሴትየዋ፣ መሬት መሬት እያየች።

እውነቷን ነው፤ ልጁ እዚያች ላይ ሁሌ ይሳሳታል። ሲፈን ኤክስ አደረገችና «በርታ» ብላ ጻፈችለት።

ሴትየዋ ደብተሩን ጉያዋ ልትከት ዚፑን ዝቅ አደረገች። ከሥር የለበሰችው ጥቁር በጥቁር ነው።

«በርታ ብለዋል ብዬ እነግረዋለሁ» አለች።