የኤልሳዕ ሙሾ

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር ባለው ሰፈር ግን ለብዙ ዓመት የነበረውም የቀበረውም አፉን የሚይዘው አልቃሿ ገላነሽ ስትነሣ ነበር። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለቄሱ ይነገራል፣ ከዚያ ለእድሩ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ወደ ገላነሽ በር ይላካል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ድንኳኑ መሐል ቆማ ሁለት ስንኝ ካወረደች፣ ደንቡን ለማድረስ ብቻ የመጣና ሰዓቱን እያየ የተቀመጠ ነጋዴ ሳይቀር መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

ይህ ነገር ከሰማይ የወረደላት እንዳይመስላችሁ። ሥራዋን ታውቅ ነበር። ድንኳን ከመግባቷ በፊት ጓዳ ትገባና ሴቶቹን ትጠይቃለች፤ ሟቹ ሲስቅ እንዴት ነበር? ምን ያናድደው ነበር? ጫማውን የት ነበር የሚያወልቀው? ደግ፣ ቸር፣ ሩኅሩኅ የሚባለውን ለሌላው ትተዋለች። "ደግነት ማንንም አያስለቅስም፤ የሚያስለቅሰው ጫማው ነው" ትል ነበር። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ሕግም ነበራት። ለአንድ ሟች የወጣ ሙሾ የዚያ ቤት ነው። ከአርባው በኋላ አይነሣም፣ ለሌላ ሟች አይደገምም፣ በጨዋታ መሐል አይባልም። የአንዱን ሙሾ ለሌላው የምትሰጥ አልቃሽ፣ እናቷ እንደምትለው፣ የሟቹን ከፈን ገፍፋ ለሌላ እንዳለበሰች ትቆጠራለች።

ጎረቤቷ ሥራዬ አንድ ልጅ ነበራት፤ ኤልሳዕ የሚባል ባጃጅ ነጂ። ሁለቱን ቤት የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ስለሆነ ገላነሽ የልጁ ግማሽ እናት ነበረች። ኤልሳዕ ማታ ሲገባ በር አያንኳኳም። ከመታጠፊያው ጀምሮ ያፏጫል፤ እናቱም ፉጨቱን ስትሰማ ተነሥታ መቀርቀሪያውን ታነሣለች። አንድ ቀን በድሬዳዋ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጨው፣ ሞተ።

ሥራዬ እንባ እምቢ አላት። ሬሳው ቤት ሲገባ አላለቀሰችም፣ ሲወጣም አላለቀሰችም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ቁጭ አለች። ሰው ፈራላት። በሰልስቱ ገላነሽ ከፊቷ ተንበረከከችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

ማፏጨት ነው እንጂ፣ በር መች ታንኳኳለህ፤
እናትህ ደጅ ቆማ፣ ምነው ዝም ትላለህ።

ያን ጊዜ ሥራዬ ጮኸች። ጮኸችና አለቀሰች፣ እስኪነጋ አለቀሰች፣ ዳነችም። "ገሌ፣ አንቺ ባትኖሪ ደርቄ እቀር ነበር" ትላት ነበር በኋላ፣ አብረው ሽንኩርት ሲልጡ እንኳ ሳይቀር።

ዘመን ግን ለአልቃሽ አልራራም። ቄሶቹ ቀድሞም ሙሾን አይወዱትም፤ አሁን ደግሞ ወጣቶቹም ያፍሩበት ጀመር። ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ገባ፣ መዝሙር በፍላሽ ገባ፣ ቪዲዮ አንሺ ገባ። ወደ ገላነሽ በር የሚላከው ሰው ቀስ በቀስ ቀነሰ። እሷም ሰው እንዳይሞት መጸለይ ሲገባት፣ "የሞተ ሰው የለም እንዴ?" እያለች ጆሮዋን ወደ መንገዱ ታቆም ጀመር። ይህን ለራሷም አትናገረውም።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው ሳሙኤል የሚባል ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ በሯን ያንኳኳው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን ደጅ ሊያወልቅ ሁሉ ቃጥቶት ነበር።

"እማማ፣ የምሠራው ፊልም ላይ ተዋናይ እንዲያለቅስ አልፈልግም" አላት። "እውነተኛ ድንኳን፣ እውነተኛ ለቀስተኛ፣ እውነተኛ አልቃሽ ነው የምፈልገው። ተመልካቹ ትወናው የት እንዳለቀ፣ እውነቱ የት እንደጀመረ እንዳያውቅ። ስለ እርስዎ ደግሞ ብዙ ሰምቻለሁ።"

ገላነሽ ከንግግሩ ግማሹ አልገባትም። "ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ" የምትለዋ ግን ቀጥ ብላ ገባች። የዚያኑ ዕለት ጥቁር ቀሚሷን አጥባ አሰጣች።

ድንኳኑ የተተከለው ኤረር በር አጠገብ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። የሬሳ ሣጥን ተቀምጧል፤ ውስጡ ምንም የለም። ሣጥኑ ላይ የ"ሟቹ" ፎቶ ቆሟል። ሟቹ ራሱ ደግሞ ከካሜራው ኋላ ተቀምጦ ሳምቡሳ ይበላል። የሰፈሩ ሰው ድንኳን ሲያይ ለቅሶ መስሎት እየገባ ይቀመጥ ጀመር፤ ሳሙኤልም "አትከልክሏቸው፣ እንዲያውም ጥሩ ነው" አለ። ከድሬ ጠያራ ገጠር ድንች ጭኖ የመጣው ሽማግሌው ሙባረክ ሳይቀር አህያውን ደጅ አስሮ፣ "ኢና ሊላሂ" ብሎ ገብቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ገላነሽ ድንች የምትገዛው ከእሱ ነው።

ካሜራው ዞረ። ገላነሽ ተነሣች። የተነገራትን ስም እየጠራች፣ ጀግናው ታደሰ፣ ቸሩ ታደሰ አለች። ምንም። ታደሰ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ አታውቅማ! ታደሰ ጫማ የለውም፣ እናት የለውም፣ ሳል የለውም። ዓይኗ እንደ ደረቀ ቀረ። ሴቶቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንደገና ተሞከረ፣ አሁንም እንደገና። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት፣ "አቦ፣ እኚህ ሴትዮ አልቆባቸዋል" ሲል ሰማችው።

አልቆባቸዋል! ፊቷ ጋለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለዚህ ነው። ከየት እንደመጣ ሳታስበው፣ ወይም እያሰበችው፣ ይህን እስከዛሬ ለይታ አታውቀውም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኤልሳዕ ልጄ" አለች። "ማፏጨት ነው እንጂ፣ በር መች ታንኳኳለህ..."

ድንኳኑ ተናወጠ። የተቀጠሩት ሴቶች አለቀሱ፣ ያልተቀጠሩትም አለቀሱ፣ ሙባረክ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ፣ ሟቹ ሳምቡሳውን አስቀመጠ። ገላነሽም አለቀሰች፤ ከልቧ አለቀሰች። በእንባዋ መሐል ግን አንድ ዓይኗ ድምፅ ቀጂውን ልጅ እያየ፣ "አልቆባታል አልክ?" ይለው ነበር። ኋላ ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይህ ነው።

ቀረጻው ሲቆም ሙባረክ ተነሥቶ ቤተ ዘመድ ፍለጋ ሲዞር ከሟቹ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ወደ ፎቶው አየ፣ ወደ ሰውየው አየ።

"ያ ረቢ! ይኼ ሰውዬ ሟቹ አይደለም እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊልም መሆኑን አስረዱት። ሽማግሌው አልሳቀም። ወደ ገላነሽ ዞሮ፣ "እኔስ ኤልሳዕ ስትዪ ነው ያለቀስኩት" አላት። "ያ ባለ ባጃጁ፣ ድንቼን በነጻ ያደርስልኝ የነበረው። እሱ ከሞተ ቆየ አይደል? እሱን ነው የጠራሽው?"

ሳሙኤልም ሰማና ቀረብ አለ። "እማማ፣ ኤልሳዕ እውነተኛ ሰው ነው እንዴ? ቤተሰብ ካለው ማስፈቀድ አለብኝ፤ ካልሆነም እናወጣዋለን።"

በሩ እዚያ ላይ ክፍት ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ገላነሽ ግን ሕዝቡ ሁሉ እንባውን እየጠረገ እያያት፣ ያንን ሙሾ መልሳ ከሰው ጆሮ ማውጣት አቃታት።

"ሌላ ነው" አለች። "ስም ይመሳሰላል። ይኼን ከራሴ ነው ያወጣሁት።"

ሙባረክ አያት። "ወላሂ..." ብሎ ጀመረና ተወው። አህያውን ፈትቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገላነሽ ድንች የምትገዛው ከሌላ ሰው ነው።

ፊልሙ ለበዓል በቴሌቪዥን ታየ። ሰፈሩ "አርቲስት ገላነሽ" እያለ ሊያቅፋት መጣ። ከፊልሙ ይልቅ ግን ያቺ ሙሾ ብቻዋን ተቆርጣ በቲክቶክ ወጣች፤ ያኔ ነው ጉዱ የመጣው። የሚደግፈው ቡድን የተሸነፈበት ወጣት በእሷ ድምፅ ደረቱን ይመታል። ስልኩ ውሃ ውስጥ የገባበት ስልኩን ከፍኖ "ምነው ዝም ትላለህ" ያሰኛታል። አንዱማ የተበላሸ ባጃጁን ነጠላ አልብሶ፣ ዙሪያውን እየዞረ፣ በገላነሽ ድምፅ አለቀሰለት። ሺህ ሰው ሳቀ።

ያንን የባጃጅ ቪዲዮ ሥራዬ ያየችው ገበያ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ውስጥ ነው። ነጂው ስልኩን ለጓደኛው እያሳየ ይስቅ ነበር። ሥራዬ መንገድ ሳትጨርስ ወረደች። በእግሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ ገላነሽ ከአጥሩ ወዲያ ሆና አየቻት። "ደህና ዋልሽ" አለቻት። ሥራዬ አንገቷን ሳታዞር አለፈች። ቅርጫቷ ባዶ ነበር።

ገላነሽ በሯን ለማንኳኳት ቀናት ፈጀባት። ሥራዬ ከፈተች፤ ግቢም አላለቻት፣ ሂጂም አላለቻት።

"ሥራዬ፣ በድያለሁ። ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋሸሁ።"

"እሱን ተይው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" አለች ሥራዬ። "ያን ቀን፣ እፊቴ ተንበርክከሽ ያለቀስሽው፣ የእውነትሽን ነበር?"

"እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ?"

"እንዴት ልወቅ? ፊልሙንም ፈልጌ አየሁት። ድምፅሽ ያው ነው፣ እጅሽ ያው ነው፣ እንባሽም ያው። ልዩነቱን ለማግኘት ደጋግሜ አየሁት፤ አጣሁት። ልጄን የሚያውቅ ሰው አብሮኝ አለቀሰለት ብዬ ነበር እስከዛሬ የኖርኩት።"

የገላነሽ እንባ ዱብ ዱብ አለ፣ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። ሥራዬ ያለ ቁጣ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ "ተይ ገላነሽ" አለቻት። "ይኼንንም አይቼዋለሁ።" በሩንም ዘጋች። ገሌ እንዳላለቻት ገላነሽ ልብ አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ለገሠ አረፉ። ሰው ወደ ገላነሽ ተላከ፤ የድሮው ክብር በሌላ በር ተመለሰ። እሷ ስትቆም ግን ሰዉ መሐረቡን አላወጣም፣ ስልኩን አወጣ። "ያቺን የፊልሟን ይበሉልን!" የሚልም ነበር። የአቶ ለገሠ ሚስት እንኳ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቋት። ገላነሽ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ነጠላዋን ጎትታ ከሴቶቹ ኋላ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከእንግዲህ በሰው ፊት እንደማታለቅስ ያወቀችው እዚያው ነው።

የኤልሳዕ ሙት ዓመት ደረሰ። ሥራዬ በየዓመቱ ንፍሮ ቀቅላ ጥቂት ጎረቤት ትጠራለች። ገላነሽን አልጠራቻትም፤ አትምጪም አላለቻትም። ገላነሽ ሄዳ በሩ ሥር ተቀመጠች። ሌሎቹ ልጁን እያነሡ እንባቸውን ሲጠርጉ እሷ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ነጠላዋን ነክሳ ይዛለች።

"አያችኋት?" አለች አንዷ ለጎረቤቷ። "ለካሜራ ሲሆን ትንፈቀፈቃለች። ለጎረቤቷ ልጅ ግን ጠብ አይላት።"

ሥራዬ ሰማች። ገላነሽም ሰምታ አንገቷን ደፋች፤ የእጇ ነው፣ ትቅመሰው።

ሊመሽ ሲል፣ ከመታጠፊያው በኩል፣ አንድ መንገደኛ እያፏጨ መጣ። ማንም ልብ አላለውም፤ ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ሥራዬ ብቻ ወደ በሩ ዞረች። ስትዞር ገላነሽን አየቻት። ገላነሽ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሥታ፣ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋለች። መነሣቷን ራሷም ያወቀችው ሥራዬ እያየቻት መሆኑን ስታይ ነው። እጇን እንደ ሌባ ሰበሰበች።

ፉጨቱ አልፎ ሄደ።

"አንቺም ትሰሚው ነበር እንዴ?" አለች ሥራዬ።

"ሁልጊዜ" አለች ገላነሽ። "እሱ ሳይገባ መብራቴን አጥፍቼ አላውቅም።"

ሥራዬ የንፍሮውን ሰሃን ገፋ አድርጋ በሩ ሥር አደረሰችው። ገላነሽ አንድ ጭብጥ አነሣችና አቀርቅራ በላች። ቀና ብላ ሥራዬን ማየት ግን አልቻለችም።