ያልለቀቀ ሂና

ሂናውን እኔ አልፈለግሁትም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የደረሰብኝን የሰማ ሁሉ «ማን ተቀቢ አላት?» ማለቱ አይቀርም። የቢሮ ባልደረባዬ ልጇን ልትድር ነበርና የክፍላችን ሴቶች በሙሉ እጃችንን እንድንቀባ ተወሰነ። እኔ ለሰርግ የማውቀው እንሶስላ ነው፤ ሥሩ ተወቅጦ መዳፍና ጣት ላይ ይታሰራል፣ ሲፈታ ቀላ ይላል፣ አለቀ። አሁን ፍኖተ ሰላምም እንደ ሌላው ከተማ በሂና አበባ ሆናለች። ለይሉኝታ ያህል አንዲት ትንሽ ቅጠል ትበቃኛለች ብዬ አርብ ከሰዓት ሄድሁ። የውበት ሳሎኗ ልጅ ግን ስልኳን እያየች ከጣቴ ጫፍ ተነሥታ አንጓዬን አልፋ ሄደች። አበባ፣ ሐረግ፣ ነጠብጣብ፤ ሁለቱም መዳፌ ላይ ደግሞ ትልቅ ጥቁር ፀሐይ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይላሉ።

ቅዳሜ በማለዳ ስልክ ተደወለ። ከቡሬ ገጠር የአክስቴ ልጅ ባል ነበር። አክስትሽን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው አለኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ ተደውሎ «ትንሽ አሟታል» የተባለ ሰው ሞቷል። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

እናቴ በልጅነቴ ስታርፍ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከአንድ ልጇ ጋር እኩል አብልታ፣ እኩል ቀጥታ፣ ቡሬ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። ልጇ ዝምተኛ ስለሆነች አክስቴ ከለቅሶ በተመለስን ቁጥር እኔን እያሳየች ትቀልድ ነበር፤ ስሞት የምታሰማልኝ ይህች ናት፣ የእኔዋማ ስታለቅስ ጎረቤትም አይሰማት ትላለች። ሦስታችንም እንስቃለን። ቀልድ ይምሰል እንጂ አደራ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አሁን ታዲያ በዚህ እጅ? ለቅሶ ቤት የሚገባው ነጠላ አዘቅዝቆ፣ እጅን አናት ላይ ጭኖ፣ ከሩቅ እየጮኹ ነው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን የተነሣ እጅ ነው። ያሳደገቻትን ልትቀብር ተኳኩላ መጣች ቢሉኝ ምን መልስ አለኝ?

በሳሙና ፈተግሁት። በሎሚና በጨው ፈተግሁት። በረኪና ደፋሁበት። በመጨረሻ ተረከዝ የምፈገፍግበትን ድንጋይ አንሥቼ ቆዳዬ እስኪላጥ ሞረድሁት። ቆዳዬ ቀላ፣ አበባው ይባስ ደምቆ ወጣ። ለሳሎኗ ልጅ ደወልሁ። በምን እንደሚለቅ ብጠይቃት የተመሰገነች መሰላት መሰለኝ፣ አይዞሽ እቴ፣ የእኔ ሂና ሁለት ሳምንት ምንም አይነካውም አለችኝ። ስልኩን ከግድግዳው ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ ሚኒባስ ያዝሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሒሳብ ስከፍል እጄን አየችና ሙሽራ ነሽ እንዴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። ለቅሶ እየሄድሁ ነው አልኋት። እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ እስከ ቡሬ ድረስ መስኮቱን ስታይ ሄደች። እኔም ነጠላዬን አውጥቼ እጄን ጠቀለልሁ፤ በሷም፣ በሳሎኗም ልጅ፣ በሰርጉም፣ በራሴም እየተናደድሁ።

ከቡሬ በባጃጅ ደረስሁ። ድንኳኑ ከሩቅ ሲታየኝ እጄ ሊነሣ ሲል ያዝሁት። ነጠላዬን ከውስጥ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ስታየኝ ተነሣች፤ እጇን ዘርግታ መጥታ ደረቴ ላይ ወደቀች። አብረን እንድንጮህ እየጠበቀች ነው። እኔ ልቀፋት እንኳ አልቻልሁም፤ ባቅፋት ጀርባዋ ላይ ያ ጥቁር አበባ ይታያል። እጅ ታስሮ ድምፅ አይወጣም ለካ። እንባዬ በዝምታ ወረደ፣ እሱንም ነጠላው ደበቀው። ከኋላዬ አንዲት ሴት ከተማ አደረቃት ስትል ሰማሁ። የአክስቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና ለቀቀችኝ፤ ወደ አስከሬኑ ተመልሳ በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ ቀጠለች።

ቤተ ክርስቲያን፣ ፍትሐት፣ ቀብር፤ ሁሉንም እጄን ጠቅልዬ አለፍሁ። አፈር ሲመለስ ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ ቆሜ ነበር።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ንፍሮ ሊቀርብ እጅ ማስታጠብ ተጀመረ። ጆጉ እኔ ዘንድ ሲደርስ አልበላም አልሁ። ለምነውኝ እንቢ ስል የአክስቴ ልጅ ከወዲያ ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ነጠላዬን ገልጣ እጄን ሳበችው። አበባውን አየችው፣ የተላጠውንም ቆዳ አየችው። የጠበቅሁት ቁጣ ነበር። በእርግጥ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ የያዝሽብን ቂም ያለ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለዚህ ነው? እጅሽን ማን አየው? እማዬን ብቻዬን አለቀስኋት።»

ያን ጊዜ ነው ድምፄ የመጣ። ታፍኖ የዋለው ተፈንቅሎ ወጣ፤ ሁለቱን እጆቼን አናቴ ላይ ጭኜ፣ አበባው ለሰው ሁሉ እየታየ ጮኽሁ። ንፍሮውን ይዞ ስለ ውቂያ ማውራት የጀመረው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አብሮኝ ለማልቀስ የተነሣ አልነበረም። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የያዙትን ንፍሮ አስቀምጠው ተነሡ፤ ትከሻዬን ያዙና ለሕፃን በሚናገሩበት ድምፅ፦

«በቃ በይ ልጄ» አሉኝ፤ «አሁንማ ተቀብራለች።»