ወንበር የሌለበት የካውያ ክፍል

ልብስ ተኳሿ የምትሠራበትን ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ መጥላት የጀመረችው ከካውያ ክፍሉ አግዳሚ ወንበሯን ባስወጣ ቀን ነው። «የተቀመጠ ሠራተኛ ያንቀላፋል» አለ። እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተንፈላሶ ይውላል።

ከዚያ ወዲህ ተኳሾቹ አንድ ዘዴ አበጁ። ሁሉም ክብደታቸውን በአንድ እግር ላይ ጥለው ይተኩሳሉ፤ ትንሽ ቆይታ እሷ ከእንፋሎቱ ጩኸት በላይ «ቀይሩ» ትላለች፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ ሌላው እግር ይዞራል። መጀመሪያ እየተሳሳቁ ነበር የሚያደርጉት። የእሷ እግር ደም ሥሮች ተገታትረው ካበጡ በኋላ ሳቁ ቀረ። ወንበር በለመነች ቁጥር የኃላፊው መልስ «እናያለን እህቴ» ነው። ሠራተኛውም ከዚህ የተነሳ ስሙን «አቶ እናያለን» ብሎታል። ምን እንደሚያይ እሱ ይወቅ።

አንድ ቅዳሜ ድርጅቱ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ወንበር አበረከተ። ሠራተኛው በእረፍት ቀኑ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ለብሶ ከመኪና እንዲያወርድ ታዘዘ። መደገፊያ ያለው፣ ገና ቀለም ቀለም የሚሸት ወንበር። ተኳሿ አንዱን አውርዳ ልታርፍበት ስትል አቶ እናያለን ከፎቶ አንሺው አጠገብ ሆኖ «ተይ፣ እሱ የልጆቹ ነው» አላት። ወንበሩን አንስታ ተሸከመችው። የከፋት ልጆቹ ወንበር ስላገኙ አልነበረም፤ የራሷም ልጅ እዚያው ነበር የምትማረው።

ልጅቷ በዚያ ወንበር ተምራ ጨረሰች። ሥራ ስትፈልግ ከርማም አንድ ቀን መጣችና፣

«እማዬ፣ እናንተ ጋ ላመለክት ነው» አለቻት።

«እኛ ጋ ምን አለና?»

«ለሰው የሚያስብ ድርጅት ነዋ። ወንበሩን ያመጡልን እነሱ አይደሉም እንዴ? ሌላው ማን እንዲህ አደረገ?»

«እግሬን እያየሽው?»

«አንቺ ደግሞ ማማረር ለምዶብሻል። ቢከፋሽማ ትተሽው ትወጪ ነበር።»

ተኳሿ ያልወጣችው ይህችኑ ልጅ ለማሳደግ እንደሆነ በምን አፏ ትንገራት?

አዲስ የሚቀጠሩት በአዳራሽ በተሰበሰቡ ዕለት አቶ እናያለን ተኳሿን አስጠራት። የወንበሮቹን ፎቶ በግድግዳው ላይ እያሳየ፣ «ሠራተኞቻችን ለምን እንደማይለቁን ከእናታችን አፍ ስሙ» አለ። ልጇ ከመሀል ተቀምጣለች፤ ያልፈረመችበት የቅጥር ውል ጭኗ ላይ ነው። «እናታችን» ሲላት ተኳሿ ወደ ተሰብሳቢዎቹ ዞረች።

«እስቲ ተነሱ» አለች።

አቶ እናያለን ጭብጨባ ሊመጣ መስሎት ፈገግ አለ።

«በአንድ እግራችሁ ላይ ቁሙ። ተናግሬ እስክጨርስ ማንም እንዳይቀመጥ።»

ራሷ ግን የእሱን ወንበር ጎትታ ተቀመጠችበት። ስለ አግዳሚ ወንበሯ፣ ስለ ልመናዋ፣ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አቶ እናያለን «በቃ እህቴ፣ በቃ» ቢል ማን ሰምቶት። ከኋላ ያሉት መወዛወዝ ሲጀምሩ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እግሯን አሳየቻቸውና፣

«ቀይሩ» አለች።

አዳራሹ በሙሉ ወደ ሌላው እግር ዞረ። ልጇ ብቻ አልዞረችም። የእናቷን እግር ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ውሉን ወንበሯ ላይ ትታ ወጣች።

አቶ እናያለን ከሥራ መሰናበቷን እዚያው በሰው ፊት ነገራት።

«ሰማሁ» አለችው ተኳሿ፣ ከወንበሩ ሳትነሳ።